ጭምት ወይስ ተጫዋች? የሥነ ልቦና ሊቃውንት የሰውን ጠባይ እንዴት ያስረዳሉ

ስብሰባ ላይ አፉን የማይከፍት አንድ ሠራተኛ እናስብ። አለቃው አስተያየት ሲጠይቁ ዓይኑን ወደ ማስታወሻ ደብተሩ ይጥላል፤ ድምፅ ስጡ ሲባል ከብዙኃኑ ጋር እጁን ያነሣል፤ ስብሰባው ሲበተን ማንም ሳያየው ይወጣል። ስለዚህ ዝምታ ግን ባልደረቦቹ አይስማሙም። አንዷ «ተፈጥሮው ነው፣ ጭምት ነው» ትላለች። ሌላው «አባቱ ሲያስፈራሩት ያደገ ልጅ ነው» ይላል። ሦስተኛው «ባለፈው ዓመት ተናግሮ በሰው ፊት ስለተገሠጸ ነው፤ ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባበትም የሚለውን ተምሯል» ብሎ ይከራከራል። አራተኛዋ ደግሞ «እናንተ ዕድር ላይ ሲናገር አላያችሁትም፤ እዚያ የሚስተካከለው የለም» ብላ ሁሉንም ታስቆማለች።

እነዚህ አራት ሰዎች ሳያውቁት፣ የሥነ ልቦና ሳይንስ ከመቶ ዓመት በላይ ሲከራከርበት የኖረውን ጉዳይ በአንድ የቡና ዕረፍት ውስጥ አንሥተውታል። ስለ ስብዕና የተጻፉት ታላላቅ ንድፈ ሐሳቦች ብዙ ጊዜ አንዱ ሌላውን የሚያፈርስ ተቃራኒ መልስ ተደርገው ይቀርባሉ። በእርግጥ የሚጋጩበት ቦታ አለ፤ ዋናው ልዩነታቸው ግን እያንዳንዳቸው የተለየ ጥያቄ ይዘው መነሣታቸው ነው። ይህን ልብ ያላለ አንባቢ በማኅበራዊ መገናኛ የሚዘዋወሩትን «አንተ የትኛው ዓይነት ሰው ነህ?» የሚሉ ፈተናዎች ሲሞላ፣ የትኛው ሳይንስ እንደሆነና የትኛው ጨዋታ እንደሆነ ለመለየት ይቸገራል።

ስብዕና ሲባል ምን ማለት ነው?

በዕለት ተዕለት አማርኛ «ስብዕና ያለው ሰው» ስንል መልካም፣ ጨዋ፣ ሰው አክባሪ ሰው ማለታችን ነው፤ ቃሉ በውስጡ ምስጋና አለበት። በሥነ ልቦና ግን ምስጋናም ነቀፋም የለበትም። ቂመኛውም ቸሩም፣ ግልፍተኛውም ታጋሹም እኩል ስብዕና አላቸው። ቃሉ የሚያመለክተው አንድን ሰው ከሌላው የሚለየውን፣ በየጊዜውና በየቦታው ደጋግሞ የሚታየውን የአስተሳሰብ፣ የስሜትና የድርጊት መልክ ነው።

እዚህ ላይ «ደጋግሞ» የሚለው ቃል ትልቅ ሸክም ተሸክሟል። ቋንቋችን ለዚህ ጥሩ ምሳሌ አስቀምጦልናል፤ ስለ አገር ስንናገር «የአየር ጠባይ» እንላለንና። አፋር ላይ አንድ ቀን ዝናብ ስለጣለ አገሩ ደጋ አይባልም፤ የአንድ ቀን ዝናብ የአንድ ቀን ነገር ነው፣ የአየር ጠባይ ግን የብዙ ዓመት ልማድ ነው። ሰውም እንዲሁ ነው፤ ዛሬ የተቆጣ ሁሉ ቁጡ አይደለም። ንድፈ ሐሳቦቹ ሊያስረዱ የሚሞክሩት ያንን የብዙ ዓመት ልማድ ነው።

ከዘመናዊው ሳይንስ በፊት ጠባይ በምን ይተረጎም ነበር?

የጥንት ግሪክ ሐኪሞች፣ በተለይም የሂፖክራተስ ተከታዮች፣ የሰው አካል በአራት ፈሳሾች ይመራል ብለው ያስተምሩ ነበር፤ እነዚህም ደም፣ አክታ፣ ቢጫ ሐሞትና ጥቁር ሐሞት ናቸው። በ2ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ሐኪሙ ጋሌን ይህን ከጠባይ ጋር አያይዞ አሰፋው፤ ደም የበዛበት ደስተኛ፣ ቢጫ ሐሞት የበዛበት ቁጡ፣ ጥቁር ሐሞት የበዛበት ትካዜ የሚያበዛ፣ አክታ የበዛበት ደግሞ ቀዝቃዛና ዝግተኛ ይሆናል ተባለ። በእኛም የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ሰው ከአራቱ ባሕርያተ ሥጋ፣ ማለትም ከእሳት፣ ከነፋስ፣ ከውሃና ከመሬት እንደተፈጠረ ይነገራል፤ ሁለቱ አስተሳሰቦች ሩቅ ዘመዳሞች ናቸው።

የፈሳሾቹ ነገር ስሕተት ሆኖ ተገኝቷል። ጠባይ ሥጋዊ መሠረት አለው የሚለውና የሰው ልዩነት ሁሉ ወደ ጥቂት መሠረታዊ መለኪያዎች ሊጠቃለል ይችላል የሚለው ግምት ግን አልሞተም፤ ሁለቱም በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን በሌላ ልብስ ተመልሰዋል።

ፍሮይድ ምን አለ፣ ዛሬስ ምን ያህሉ ቆሟል?

ሲግመንድ ፍሮይድ (1856–1939፤ ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) በቪየና የሚሠራ የነርቭ ሐኪም ነበር። ወደ እርሱ ይመጡ ከነበሩት ሕሙማን መካከል እጃቸው የማይታዘዝላቸው ወይም ድምፃቸው የጠፋባቸው፣ ነገር ግን በአካላቸው ላይ ምንም ጉዳት ያልተገኘባቸው ነበሩ። ፍሮይድን ያስጨነቀው ጥያቄ «ሰው ምክንያቱን ራሱ ሳያውቅ ለምን ያደርጋል?» የሚል ነበር። መልሱም አብዛኛው የአእምሮ ሥራ ከባለቤቱ ዕውቀት ውጭ፣ በስውር ይካሄዳል የሚል ሆነ።

በ1923 ባሳተመው ሥራው ይህን ውስጣዊ ዓለም በሦስት ከፈለው። ኢድ የሚባለው ክፍል ፍላጎቱ አሁኑኑ እንዲሟላለት የሚጮኽ ነው። ሱፐር ኢጎ ከወላጅና ከኅብረተሰብ የተወረሰው «ነውር ነው» ባይ ድምፅ ነው። ኢጎ ደግሞ በሁለቱ መካከል ተቀምጦ፣ ከውጭው ዓለም እውነታ ጋር ጭምር የሚያስታርቅ ሽማግሌ ነው ማለት ይቻላል። ልዩነቱ ይህ ሽምግልና በአብዛኛው በጨለማ መካሄዱ ነው፤ ባለጉዳዩ ራሱ የክርክሩን ቃል አይሰማም። ሽማግሌው ሲጨናነቅ ዘዴ ይፈጥራል፤ የሚያስጨንቀውን ትዝታ ያፍናል፣ የራሱን ቁጣ በሌላ ሰው ላይ ለጥፎ «እርሱ ነው የሚጠላኝ» ይላል፣ አለቃው ላይ ሊያወርደው ያልቻለውን ንዴት ቤት ገብቶ በልጁ ላይ ያወርዳል። እነዚህን የመከላከያ ዘዴዎች በሥርዓት ዘርዝራ ያጠናችው ልጁ አና ፍሮይድ ናት።

በዚህ ዓይን ሲታይ የዚያ ሠራተኛ ዝምታ ከስብሰባው ጋር ብዙም ግንኙነት የለውም፤ የአለቃው ወንበር ላይ የሚያየው አባቱን ነው።

ይህ ትርጓሜ ልብ ይነካል፤ ችግሩ እውነት መሆኑን በምን እናረጋግጥ የሚለው ነው። በወጣትነቱ በቪየና የኖረው ፈላስፋ ካርል ፖፐር ይህን ችግር በአንድ ምሳሌ አሳይቷል። አንድ ሰው ሕፃን ልጅን ሊያሰጥም ውሃ ውስጥ ይገፈትራል፤ ሌላ ሰው ሕፃኑን ለማዳን ሲል ሕይወቱን አሳልፎ ይሰጣል። የፍሮይድ ንድፈ ሐሳብ ሁለቱንም በእኩል ቅለት ያስረዳል፤ የመጀመሪያው ፍላጎቱ ታፍኖበት ነው፣ ሁለተኛው ፍላጎቱን ወደ ላቀ ነገር ለውጦት ነው። ማንኛውም ውጤት የሚያጸድቀው ንድፈ ሐሳብ ደግሞ ምንም ውጤት ሊፈትነው አይችልም። በዚህ ላይ መረጃው የተሰበሰበው ከጥቂት የቪየና ሕሙማን ነው።

የፍሮይድ ዝርዝር አብዛኛው በዘመናዊ ምርምር አልጸናም። ሆኖም ብዙ የአእምሮ ሥራ ከዕውቀታችን ውጭ እንደሚካሄድና የልጅነት ግንኙነት አሻራ እንደሚተው ዛሬ የሚክድ ተመራማሪ ጥቂት ነው። ይህን ሁለተኛውን ጉዳይ ወደሚፈተን ሳይንስ ካሻገሩት መካከል እንግሊዛዊው ጆን ቦውልቢና ሜሪ አይንስወርዝ ይገኛሉ፤ አይንስወርዝ እናቶችና ሕፃናት እንዴት እንደሚተሳሰሩ በቅርብ መከታተል የጀመረችው በ1950ዎቹ በዑጋንዳ መንደሮች ነበር።

ከፍሮይድ የተለዩት ደቀ መዛሙርትም ነበሩ። በ1911 የተለየው አልፍሬድ አድለር ሰውን የሚነዳው የበታችነት ስሜትን ለማሸነፍ የሚደረግ ትግል ነው አለ። ከእርሱ ሁለት ዓመት በኋላ የተለየው የስዊዘርላንዱ ካርል ዩንግ ደግሞ በ1921 ዛሬ ሁሉም ሰው በአፉ የሚያዘወትራቸውን ሁለት ቃላት አስፋፋ፤ የሰው ትኩረትና ጉልበት ወደ ውስጥ ሲያዘነብል ኢንትሮቨርት፣ ወደ ውጭው ዓለም ሲያዘነብል ኤክስትሮቨርት ብሎ ጠራው።

ጠባይ ከትምህርት ብቻ ሊመጣ ይችላል?

በአሜሪካ ግን ስለማይታየው ውስጥ መናገር ጊዜ ማባከን ነው ያሉ ሰዎች ተነሡ። ጆን ዋትሰን በ1913 የሥነ ልቦና ጉዳይ የሚታየው ድርጊት ብቻ ሊሆን ይገባል ብሎ አወጀ። ኋላም አሥራ ሁለት ጤናማ ሕፃናት ቢሰጡትና እርሱ በመረጠው አካባቢ ቢያሳድጋቸው፣ ማንኛውንም በዘፈቀደ መርጦ ሐኪም፣ ጠበቃ፣ ወይም ሌባ ሊያደርገው እንደሚችል ጻፈ። ብዙዎች ይህን ሲጠቅሱ፣ ዋትሰን ራሱ እዚያው ላይ ካለው ማስረጃ አልፎ እየተናገረ መሆኑን ማመኑን ይዘነጉታል።

ቢ. ኤፍ. ስኪነር (1904–1990) አይጦችንና ርግቦችን በሣጥን ውስጥ እያጠና ይህን ሐሳብ አጠራው። ዋናው መርሕ ቀላል ነው፤ ጥሩ ውጤት ያመጣ ድርጊት ይደገማል፣ ውጤት ያላመጣ ወይም ቅጣት ያስከተለ ድርጊት ይቀንሳል። በዚህ አመለካከት «ጭምትነት» የሚባል ነገር በሰውየው ውስጥ የለም። ያለው አንድ ቀን ተናግሮ መገሠጹ፣ ዝም ባለባቸው ቀናት ደግሞ በሰላም ወደ ቤቱ መግባቱ ብቻ ነው። የማብራሪያው ጥንካሬ ለለውጥ በር መክፈቱ ነው፤ የተማሩት ነገር በሌላ ትምህርት ሊተካ ይችላልና።

ይሁን እንጂ ሰው ሁሉን ነገር በራሱ ቆዳ ላይ ቀምሶ አይማርም። በ1961 በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ አልበርት ባንዱራና ባልደረቦቹ 72 ሕፃናትን በሦስት ከፈሉ። አንደኛው ቡድን አንድ ትልቅ ሰው ቦቦ የተባለውን በአየር የተነፋ አሻንጉሊት ሲደበድብና ሲሰድብ አየ፤ ሁለተኛው ቡድን ሰውየው አሻንጉሊቱን ሳይነካ በጸጥታ ሲጫወት አየ፤ ሦስተኛው ማንንም አላየም። ኋላ ልጆቹ አሻንጉሊቱ ወዳለበት ክፍል ሲገቡ ድብደባውን ያዩት ብዙዎቹ ያዩትን ምት፣ የሰሙትንም ስድብ ጭምር ደገሙት። ማንም አልሸለማቸውም፤ ማየቱ ብቻ በቂ ነበር።

ባንዱራ በ1977 ደግሞ ስለ ራስ ችሎታ እምነት ጻፈ። «ይህን ማድረግ እችላለሁ» ብሎ የሚያምን ሰው ይሞክራል፣ ሲወድቅም ቶሎ አይተውም፤ የማያምን ሰው ሳይጀምር ይሸነፋል። ይህ እምነት በየመስኩ ይለያያል። የእኛ ሠራተኛ ዕድር ላይ ስለ ድንኳንና ስለ ወጪ መናገር እንደሚችል አይጠራጠርም፤ ጥርጣሬው የሚጀምረው በመሥሪያ ቤቱ ስብሰባ ነው።

ሰው ከቁስሉና ከልማዱ በላይ አይደለምን?

በ20ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተነሡት ሰብአዊ የሚባሉት ሊቃውንት ይህን ጠየቁ። ካርል ሮጀርስ (1902–1987) እያንዳንዱ ሰው በውስጡ የማደግ ዝንባሌ አለው፤ የሚታመመው ግን በእውነተኛ ማንነቱና ልሁን በሚለው ማንነት መካከል ያለው ክፍተት ሲሰፋ ነው አለ። ክፍተቱን የሚያሰፋው በቅድመ ሁኔታ የሚሰጥ ፍቅር ነው። «አንደኛ ከወጣህ እወድሃለሁ» የተባለ ልጅ ሁለተኛ ሲወጣ ውጤቱን ብቻ ሳይሆን ራሱንም ይጠላል። ስለዚህ ሮጀርስ አማካሪ የሚያክመውን ሰው ያለ ቅድመ ሁኔታ ሊቀበለው ይገባል ብሎ አስተማረ፤ ዛሬ በምክር አገልግሎት ውስጥ እንደ ተራ ነገር የሚታየው በአክብሮት የማዳመጥ ልማድ ትልቅ ባለውለታው እርሱ ነው።

አብርሃም ማስሎው በ1943 የሰውን ፍላጎቶች በደረጃ ያስቀመጠበት ጽሑፍ ከዚህ ይበልጥ ይታወቃል፤ ከረኀብና ከጥም ተነሥቶ በደኅንነት፣ በፍቅርና በክብር በኩል አልፎ የራስን አቅም ሙሉ በሙሉ እስከ መፈጸም ይደርሳል። በየሥልጠናው የሚታየውን ፒራሚድ የሳሉት ግን ሌሎች ናቸው፤ ማስሎው ራሱ ደረጃዎቹን እንደ ግትር መሰላል አላያቸውም። የዚህ ጎራ ድክመት «አቅምን መፈጸም» የሚለውን ነገር ለመለካት እጅግ አስቸጋሪ መሆኑ ነው።

ጠባይን መለካት የተቻለው እንዴት ነው?

እስካሁን ያየናቸው ሁሉ «ለምን?» የሚሉ ነበሩ። ሌላ ቡድን ግን አስቀድሞ ሊመለስ የሚገባው «ሰዎች በምን በምን ይለያያሉ፣ ልዩነቱስ ምን ያህል ነው?» የሚለው ነው ብሎ ተነሣ። የጉዞው መነሻ በጣም ያምራል። ለሰዎች አብሮ መኖር የሚጠቅም የጠባይ ልዩነት ካለ፣ ሰዎች በዘመናት ውስጥ ቃል ሳያወጡለት አይቀሩም። እንግዲያው ጠባይን ለማጥናት መጀመሪያ መዝገበ ቃላት መክፈት ነው።

አማርኛን የሚያውቅ ሰው ይህ ሐሳብ ወዲያው ይገባዋል። ሆደ ባሻ፣ ሆደ ሰፊ፣ ልበ ሙሉ፣ ልበ ደንዳና፣ እጀ ሰፊ፣ አፈ ጮሌ፣ ዓይን አፋር እያልን ጠባይን በሆድ፣ በልብ፣ በእጅ፣ በአፍና በዓይን ላይ ስናስቀምጥ ኖረናል። እያንዳንዱ ቃል የብዙ ትውልድ ትዝብት ነው።

ጎርደን ኦልፖርትና ሄንሪ ኦድበርት በ1936 ከአንድ ትልቅ የእንግሊዝኛ መዝገበ ቃላት ሰውን ከሰው የሚለዩ 17,953 ቃላት ለቀሙ፤ ከእነዚህም ውስጥ ወደ 4,500 የሚሆኑት ቋሚ ጠባይን የሚገልጹ ነበሩ። ይህ ክምር ለማንም አይጠቅምም፤ መጠቅለል ነበረበት። የተጠቀለለበትን ስሌት በምሳሌ ማስረዳት ይቻላል። በአንድ መንደር መቶ የውሃ ጉድጓዶች አሉ እንበል። ከመሬት በታች ያለውን ማየት አንችልም፤ ነገር ግን አንዳንዶቹ ጉድጓዶች አብረው ሲሞሉና አብረው ሲጎድሉ ካየን፣ ከአንድ የከርሰ ምድር ውሃ እንደሚቀዱ እንገምታለን። ቃላቱም እንዲሁ ናቸው። በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ራሳቸውን ወይም ጓደኞቻቸውን በእነዚህ ቃላት ሲመዝኑ፣ «ተጫዋች» ላይ ከፍ ያለ ነጥብ ያገኘ ሰው «ተግባቢ» እና «ንቁ» ላይም ከፍ ካለ፣ ሦስቱ ቃላት ከአንድ ምንጭ የሚቀዱ ናቸው ማለት ነው።

ሬይመንድ ካተል በዚህ መንገድ 16 ምንጮች አገኘሁ አለ። ጀርመን ተወልዶ እንግሊዝ የኖረው ሃንስ አይዘንክ በሁለት ጀምሮ ኋላ ሦስት አደረጋቸው። በ1961 ለአሜሪካ አየር ኃይል ይሠሩ የነበሩ ሁለት ተመራማሪዎች፣ ቱፕስና ክሪስታል፣ ልዩ ልዩ መረጃዎችን ደጋግመው ሲያሰሉ አምስት አገኙ፤ ሪፖርቱ ግን በአየር ኃይሉ ሰነዶች መካከል ለዓመታት ተረስቶ ቆየ። እነዚያው አምስት ኋላ በሉዊስ ጎልድበርግ፣ በፖል ኮስታና በሮበርት ማክሬ እጅ ተመልሰው ዛሬ የዘርፉ የጋራ ቋንቋ ሆነዋል። አንደኛው ለአዲስ ሐሳብና ልምድ ክፍት መሆን ነው። ሁለተኛው ጥንቁቅነት ነው፤ ሥራን በጊዜውና በሥርዓቱ መፈጸምን፣ ራስን መግዛትን ይይዛል። ሦስተኛው ተግባቢነት፣ አራተኛው ለሌሎች ማዘንና መስማማት፣ አምስተኛው ደግሞ በቀላሉ የመጨነቅ፣ የመናደድና የማዘን ዝንባሌ ነው።

እነዚህ አምስቱ ሣጥኖች አይደሉም፤ መለኪያዎች ናቸው። የሰው ቁመት ሲለካ «የሰው ልጅ ሁለት ዓይነት ነው፣ ረጅምና አጭር» የሚል ሐኪም የለም፤ አብዛኛው ሰው መካከል ላይ ነው፣ ጥቂቱ ጫፍና ጫፍ ላይ። በተግባቢነትም አብዛኛው ሰው ከመካከሉ ብዙም አይርቅም። መለኪያዎቹ የሚናገሩት ነገርም ቀላል አይደለም። ጥንቁቅነት በልዩ ልዩ ሙያዎች ከሥራ ውጤት ጋር እንደሚያያዝ ታይቷል፤ በ1921 ካሊፎርኒያ ውስጥ የተጀመረና ልጆችን እስከ ዕድሜ ልካቸው የተከታተለ ጥናትም በልጅነታቸው ጥንቁቅ የተባሉት ረዘም ያለ ዕድሜ እንደኖሩ አሳይቷል።

እኔን የሚያሳስበኝ ግን ገለጻን እንደ ምክንያት መውሰድ ነው። «ለምን ዝም ይላል?» «ጭምት ስለሆነ።» «ጭምት መሆኑን በምን አወቅህ?» «ዝም ስለሚል።» ይህ ክብ መዞር ነው። ቴርሞሜትር ትኩሳቱን በትክክል ይናገራል፤ በሽታው ወባ ይሁን ታይፎይድ ግን አይነግርም።

ጠባይ በዘር የሚወረስ ነውን?

በከፊል፣ አዎን። ተመሳሳይ መንትዮችን ከማይመሳሰሉ መንትዮች፣ አብረው ያደጉትንም ተለያይተው ካደጉት ጋር ያወዳደሩ ጥናቶች፣ በሰዎች መካከል ካለው የስብዕና ልዩነት ከ40 እስከ 50 በመቶ የሚሆነው ከዘረ መል ልዩነት ጋር እንደሚያያዝ ያመለክታሉ። ይህ ቁጥር ግን ብዙ ጊዜ በስሕተት ይነበባል። «የእኔ ጠባይ ግማሹ ከእናት ከአባቴ ደም፣ ግማሹ ከአስተዳደጌ ነው» ማለት አይደለም። በአንድ ለም ማሳ ላይ ልዩ ልዩ የጤፍ ዘር ቢዘራ፣ በቡቃያዎቹ መካከል የሚታየው የቁመት ልዩነት በአብዛኛው ከዘሩ ይመጣል፤ ያው ዘር በደረቅ ማሳ ላይ ቢዘራ ግን ሁሉም ያጥራሉ፣ በሁለቱ ማሳዎች መካከል ያለው ልዩነትም የአፈሩ ነው። ቁጥሩ የሚናገረው በአንድ ሕዝብ ውስጥ ስላለው ልዩነት ነው እንጂ ስለ አንድ ግለሰብ አይደለም።

ከእነዚህ ጥናቶች ሁሉ ወላጆችን የሚያስደንቀው፣ በአንድ ቤት ማደግ ብቻውን ልጆችን በጠባይ የሚያመሳስላቸው በጣም ጥቂት መሆኑ ነው። ይህ ግን ወላጅ ዋጋ የለውም ወደሚል ድምዳሜ አያደርስም። በአንድ ጣሪያ ሥር ያሉ ሁለት ልጆች በዕድሜያቸው፣ በጓደኞቻቸውና ቤተሰቡ በነበረበት የኑሮ ሁኔታ የተነሣ የየራሳቸውን ቤት ይኖራሉ። የተወረሰ ነገር አይለወጥም ማለትም ስሕተት ነው። ሰዎችን ለረጅም ዓመታት የተከታተሉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ከወጣትነት ወደ ጎልማሳነት ስንሄድ በአማካይ ጥንቁቅነታችንና ለሌሎች የምናሳየው መልካምነት ይጨምራል፣ ጭንቀታችንም ይቀንሳል።

ታዲያ በስብሰባ ዝም ያለው ሰው ዕድር ላይ ለምን ይናገራል?

በ1968 ዋልተር ሚሼል የተባለ የሥነ ልቦና ምሁር የዘርፉን ሰላም አናጋ። ጥናቶቹን ሁሉ ቢፈትሽ የጠባይ መለኪያዎች አንድ ሰው በአንድ የተወሰነ ሁኔታ ውስጥ ምን እንደሚያደርግ የመገመት አቅማቸው ደካማ ነው፤ ከ0 እስከ 1 በሚለካው የዝምድና ስሌት ከ0.30 እምብዛም አያልፍም አለ። ስለዚህ ሰዎችን የሚመራቸው ጠባያቸው ሳይሆን የተገኙበት ሁኔታ ይሆን? ክርክሩ ከአሥር ዓመት በላይ ዘለቀ።

የመጀመሪያው መልስ ከአየር ጠባይ ምሳሌ ጋር የሚገጥም ነው። ሲይሞር ኤፕስታይን በ1979 እንዳሳየው አንድን ድርጊት ለብቻው መገመት ቢያስቸግርም፣ የብዙ ቀናት ድርጊት አማካይ ሲወሰድ የሰው ጠባይ እጅግ የጸና ሆኖ ይገኛል። ነገ ይዘንብ እንደሆነ ላናውቅ እንችላለን፤ ሐምሌ ከታኅሣሥ ይልቅ ዝናብ እንደሚበዛበት ግን እናውቃለን።

ሁለተኛው መልስ የራሱ የሚሼልና የባልደረባው የዩዊቺ ሾዳ ነው፤ ለእኔ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው። በአንድ የክረምት የልጆች ካምፕ ውስጥ እያንዳንዱን ልጅ በልዩ ልዩ ሁኔታዎች ለሳምንታት ተከታትለው መዘገቡ። ሁለት ልጆች በአማካይ እኩል ጠበኞች ሊሆኑ ይችላሉ። አንዱ ግን የሚቆጣው እኩያው ሲያሾፍበት ነው፣ ትልቅ ሰው ሲገሥጸው ይታዘዛል። ሌላው ደግሞ በእኩዮቹ ሹፈት አይነካም፣ አዋቂ ሲያስጠነቅቀው ግን ይገነፍላል። ይህ «እንዲህ ሲሆን እንዲያ ይሆናል» የሚል መልክ በእያንዳንዱ ልጅ ላይ ደጋግሞ ይታይ ነበር። ጠባይ ማለት እንግዲህ የትም ቦታ አንድ ዓይነት መሆን ብቻ አይደለም፤ የመለዋወጡም ሥርዓት የሰውየው ፊርማ ነው።

ሠራተኛችን አለቃ ባለበትና ቃሉ በቃለ ጉባኤ በሚመዘገብበት ቦታ ዝም ይላል፤ እኩዮቹ በተቀመጡበትና ጉዳዩን በሚያውቅበት ቦታ ይናገራል። «ጭምት» ያለችው ባልደረባው አማካዩን አይታለች፤ ዕድሩን የጠቀሰችው ደግሞ መልኩን።

አምስቱ መለኪያዎች ለሰው ዘር ሁሉ ይሠራሉ?

በብዙ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች አምስቱን አግኝተዋል፤ አብዛኞቹ የተጠኑት ግን ከተሜና የተማሩ ሰዎች ናቸው። በ2013 የታተመ የማይክል ጉርቨንና የባልደረቦቹ ጥናት በቦሊቪያ ደን ውስጥ በእርሻ፣ በአደንና በዓሣ ማጥመድ የሚኖሩትን 632 የቺማኔ ሰዎች ሲጠይቅ አምስቱ በግልጽ አልወጡም። በምትካቸው ሁለት ሰፋፊ መልኮች ታዩ፤ አንዱ ለሌሎች በጎ መሆን፣ ሌላው ታታሪነት። ሁሉም ሰው አንድ ዓይነት ኑሮ በሚኖርበት ትንሽ ማኅበረሰብ ውስጥ ጠባይ ወደ ብዙ አቅጣጫ የሚበተንበት ቦታ ጠባብ ሊሆን ይችላል። በሌላ በኩል ማይክል አሽተንና ኪቤኦም ሊ ኮሪያኛንና ሃንጋሪኛን ጨምሮ በልዩ ልዩ ቋንቋዎች የተሠሩትን የቃላት ጥናቶች አነጻጽረው፣ ስድስተኛ መለኪያ አለ ብለዋል፤ እርሱም ሐቀኝነትና ትሕትና ነው። ይሉኝታ፣ ጨዋነት፣ አድርባይነት የሚሉት የእኛ ቃላት ከየትኛው ጉድጓድ እንደሚቀዱ መጠየቅ ከዚህ የሚከተል ተገቢ ጥያቄ ነው።

በኢንተርኔት የሚገኙትን ፈተናዎች ልመን?

በጣም የተስፋፋው ሰዎችን በ16 ዓይነት የሚከፍለው የማየርስ-ብሪግስ ፈተና ነው። ካትሪን ብሪግስና ልጇ ኢዛቤል ማየርስ የዩንግን ሐሳብ ተከትለው ያዘጋጁት ሲሆን፣ ሁለቱም በሥነ ልቦና የሠለጠኑ አልነበሩም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ወደ ፋብሪካ የሚገቡ ሴቶች የሚስማማቸውን ሥራ እንዲያገኙ የመርዳት መልካም ዓላማ ነበራቸው። ችግሩ ቁመትን ለሁለት የመክፈል ያህል ነው። መካከለኛው መስመር በ170 ሴንቲሜትር ላይ ቢሰመር፣ የ169 እና የ171 ሴንቲሜትር ሰዎች ተቃራኒ ዓይነት ይባላሉ፤ የ171 እና የ195 ግን አንድ ዓይነት። አብዛኛው ሰው መካከል ላይ ስለሆነ፣ ከሳምንታት በኋላ ፈተናውን ድጋሚ የሚወስዱ ብዙ ሰዎች ሌላ ዓይነት ሆነው ይገኛሉ። አሳታሚው ራሱ ፈተናው ሠራተኛ ለመቅጠር እንዲውል አይፈቅድም።

ታዲያ ብዙ ሰው ውጤቱን ሲያነብ «ይሄማ እኔው ነኝ!» የሚለው ለምንድን ነው? በ1948 በርትራም ፎረር የተባለ አሜሪካዊ መምህር ለ39 ተማሪዎቹ የስብዕና ፈተና ሰጠና ከቀናት በኋላ ለእያንዳንዳቸው የግል ውጤት አደለ። ተማሪዎቹ ውጤቱ እነርሱን ምን ያህል በትክክል እንደሚገልጽ ከ5 ሲመዝኑ አማካዩ 4.26 ሆነ። ከዚያ በኋላ ነው ሁሉም የተሰጣቸው አንድ ዓይነት ጽሑፍ መሆኑን የነገራቸው፤ ዓረፍተ ነገሮቹንም በአብዛኛው የወሰዳቸው ከኮከብ ቆጠራ መጽሐፍ ነበር። «ሰዎች እንዲወዱህ ትፈልጋለህ፣ ራስህን ግን አብዝተህ ትወቅሳለህ» የሚል ቃል የማይመለከተው ሰው የት ይገኛል? «ኮከባችን አልገጠመም» በሚባልበት አገር ይህን ወጥመድ ለይቶ ማወቅ ከመቼውም ይልቅ ዛሬ ያስፈልጋል፤ በየቅጥሩና በየትዳር ፍለጋው መካከል እነዚህ ውጤቶች እየገቡ ነውና።

አንድ መሥሪያ ቤት ወይም አሠልጣኝ የስብዕና ፈተና ሲያቀርብ ሊጠየቁ የሚገባቸው ጥያቄዎች ጥቂት ናቸው። ያው ሰው ከወር በኋላ ቢፈተን ተቀራራቢ ውጤት ያገኛል? ውጤቱ ከፈተናው ወረቀት ውጭ የሚታይ ነገርን፣ ለምሳሌ የሥራ አፈጻጸምን፣ ይገምታል? ሰውን በሣጥን ይከትታል ወይስ በመለኪያ ላይ ያስቀምጣል? የተፈተነውስ በእኛ ቋንቋና በእኛ ሰዎች ላይ ነው ወይስ ከእንግሊዝኛ ቃል በቃል ተተርጉሞ የመጣ ነው? የመጨረሻው ጥያቄ በተለይ ሊታለፍ አይገባውም። «ስብሰባ ላይ ብዙ እናገራለሁ» የሚል ጥያቄ ቀርቦለት «አይደለም» ብሎ የመለሰው የእኛ ሠራተኛ፣ ስለ ተግባቢነቱ የመለሰ ይሁን ስለ አለቃው፣ ወረቀቱ ብቻውን አይናገርም።